ትኩሳት ብቻ ይዞ የመጣ ሕፃን፦ ሽንቱ መቼ ይመርመር፣ እንዴትስ ይወሰድ? (ድሬዳዋ)

ነርስ_ሳቢያን

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ጤና ጣቢያ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ክፍል ነው የምሠራው። ጥያቄዬ ትኩሳት ብቻ ይዘው ስለሚመጡ ከሁለት ዓመት በታች ልጆች ነው። ሳል የለም፣ ተቅማጥ የለም፣ ጆሮና ጉሮሮ ደህና ነው። የወባ ምርመራ ይታዘዛል። ኔጌቲቭ ሲሆን ዊዳል (ለታይፎይድ የሚታዘዘው የደም ምርመራ)፣ ከዚያ አሞክሲሲሊን። ሽንት የሚታዘዘው ከስንት አንዴ ነው። ሲታዘዝም እናትየዋ ኩባያ ይሰጣትና ከዳይፐር ጨምቃም ቢሆን ታመጣለች፤ ላቦራቶሪው «ፐስ ሴል (ነጭ የደም ሴል) 8–10» ብሎ ይመልሳል። ይህን ወረቀት ይዤ ምን ልወስን?

የትኛው ልጅ ነው ሽንቱ የግድ መታየት ያለበት? ዳይፐር ከሚያደርግ ልጅ በምን መንገድ ይወሰድ፣ የሚለጠፈው ከረጢትስ ይበቃል? ካልቸር (ባክቴሪያን አብቅሎ የማየት ምርመራ) በሌለበት ስትሪፕ (ሽንት ውስጥ ተነክሮ ሳጥኖቹ ቀለም የሚቀይሩት ቁራጭ) እና ማይክሮስኮፕ ምን ያህል ይታመናሉ?

ዶክተር_ከዚራ (የሕፃናት ሐኪም)

ሲስተር፣ የመጀመሪያውን ልመልስ፤ ስለ ናሙና አወሳሰዱና ስለ ላቦራቶሪው ባለሙያዎቹ ይምጡበት።

ሕፃን ልጅ ሽንት አቃጠለኝ አይልም። ከሁለት ዓመት በታች ዋናው ምልክት፣ ብዙ ጊዜም ብቸኛው፣ ትኩሳቱ ራሱ ነው። ሌላ ካለም ማስመለስ፣ ጡት እምቢ ማለት፣ መነጫነጭ ወይም ክብደት አለመጨመር ነው፤ በአራስ ላይ ደግሞ ሁለት ሳምንት አልፎት ያልለቀቀ ቢጫነት። አንዱም በቀጥታ ወደ ሽንት አይጠቁምም። ስለዚህ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ኖሮት፣ በደንብ ተመርምሮ ምንጩ ያልተገኘ ልጅ ሲገጥምሽ ሽንት ይታሰብሽ። ጥርጣሬሽን ከፍ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው፦ ትኩሳቱ 39 መድረሱ፣ ሁለት ቀን ማለፉ፣ ሴት ልጅ መሆኗ (ከአንድ ዓመት በታች ከሆነች ይበልጥ)፣ ያልተገረዘ ወንድ ሕፃን መሆኑ፣ ከዚህ በፊት የሽንት ኢንፌክሽን ታሪክ መኖሩ፣ የሆድ ድርቀት። ግርዛቱ በኛ ከተማ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዱ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፣ ሌላው ዓመታት ቆይቶ። ዳይፐሩን ፈትቶ ማየት ነው እንጂ ከካርዱ ላይ ስሙን አንብቦ መገመት አይሆንም።

ወንድ ሕፃን ከሆነ እናቱን ሽንቱ ይወረወራል ወይስ ይንጠባጠባል ብለሽ ጠይቂ። የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ለመሽናት የሚያምጥ ከሆነ፣ ወይም ፊኛው ከእምብርት በታች ተወጥሮ በእጅ ከተዳሰሰ የሽንት መውጫው ላይ አብሮት የተፈጠረ መዘጋት ሊኖር ይችላል። ይህ በዚያው ቀን ሪፈር የሚጻፍለት ነው።

የኛ አገር ችግር ሌላ ነው። ድሬ ትንኝ ያስመረራት ከተማ ናት፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ ስቴፈንሲ የምትባለው የከተማ ትንኝ ያመጣችው ወባ። ትኩሳት ሲባል እጃችን መጀመሪያ ወደ ጣት መውጊያው ቢሄድ አይገርምም፤ ወባው መታየትም አለበት። ስህተቱ ኔጌቲቭ ሲሆን ወደ ዊዳል መዝለሉ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል ታይፎይድ አለም የለምም አያሰኝም። ሽንት ሳይያዝ አሞክሲሲሊን ከተጀመረ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚላከው ካልቸር ባክቴሪያ ላያበቅል ይችላል፤ ልጁ ግን በደንብ አልታከመም፣ ምክንያቱም ዋናዋ ተጠያቂ ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ አገራችን ውስጥ አሞክሲሲሊንን በብዛት ተላምዳለች። ወባ ፖዘቲቭ መሆኑም የሽንት ኢንፌክሽንን አያስቀርም፤ የወባ መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ካልወረደ ወባው ይደገም፣ ሽንቱም ይታይ።

ከሁለት ወር በታች ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ክርክር የለም። በተቀናጀው የሕፃናት ሕክምና መመሪያ መሠረት 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ወይም ከ35.5 በታች መቀዝቀዝ ራሱን የቻለ የከባድ በሽታ ምልክት ነው። መመሪያው የሚያዘውን የመጀመሪያ መርፌ ሰጥተሽ ወደ ሆስፒታል፤ ሽንት እስኪመጣ ብለሽ እንዳታቆዪው።

ሲስተር_ሐረር

ከዳይፐር ተጨምቆ የመጣ ሽንት ይደፋ። ጄሉ ውሃውን መጥጦ ሴሎቹንም ይይዛል፤ ሰገራና የቆዳ ባክቴሪያም ተቀላቅሎበታል። ዳይፐር ለሚያደርግ ልጅ የሚታመኑት መንገዶች ሲሸና በንጹሕ ዕቃ መቅለብ፣ ካቴተር (በሽንት መውጫው የሚገባ ቀጭን ቱቦ) እና በመርፌ ከፊኛ መውሰድ ናቸው፤ የሚለጠፈው ከረጢት ከነዚህ አይደለም። መርፌው የለመደ እጅ፣ ቢቻልም አልትራሳውንድ ይፈልጋል፤ ጤና ጣቢያ ላይ አልመክረውም።

ለመቅለብ፦ ልጁ ይጥባ፣ ከዚያ 20–25 ደቂቃ ይጠበቅ። ብልቱ አካባቢ በውሃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅና በንጹሕ ጋዝ ይድረቅ። አልኮልና አዮዲን አያስፈልግም፤ ያቃጥላል፣ ዕቃው ውስጥ ጠብ ካለም ባክቴሪያውን ገድሎ ካልቸሩን ያበላሻል። ሴት ልጅ ከፊት ወደ ኋላ ትጠረግ። ያልተገረዘ ወንድ ሸለፈቱ በራሱ እሺ እስካለበት ድረስ ብቻ ይሳብ፣ በግድ አይገፋ፣ ሲያልቅም ወደ ቦታው ይመለስ።

ቀጥሎ፣ ከ1 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በቀዝቃዛ ሳላይን (የጨው ውሃ) የተነከረ ጋዝ ይዘሽ ከብልት አጥንቱ ከፍ ብሎ ያለውን ቆዳ በክብ በክብ እሺው፣ እስከ 5 ደቂቃ። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት እንዲህ ከተደረገላቸው ሕፃናት ከመቶ 31ዱ በ5 ደቂቃ ውስጥ ሸንተዋል፤ እንዲሁ ከተጠበቁት ደግሞ 12ቱ። ቀዝቃዛ ስል ከፍሪጅ የወጣ ማለቴ ነው። ድሬ ላይ መደርደሪያ ላይ የዋለ ሳላይን ለብ ብሎ ነው የሚገኘው፤ እሱ ምንም አያደርግም።

ለአራስ ሌላ ዘዴ አለ፣ ከእናትየዋ ሌላ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዷ ከብብቱ ሥር ይዛ እግሮቹ ተንጠልጥለው እንዲቀሩ ከፍ ታደርገዋለች። ሌላዋ በጣቶቿ ጫፍ ፊኛው ላይ በፍጥነት፣ በደቂቃ 100 ያህል፣ ለ30 ሴኮንድ በቀስታ መታ መታ ታደርጋለች፤ ከዚያ ከወገቡ በላይ የአከርካሪውን ግራና ቀኝ በአውራ ጣቶቿ ለ30 ሴኮንድ ታሻለች። እስኪሸና ሁለቱን መፈራረቅ ነው። እናትየዋ ስቴራይሉን ዕቃ ክዳኑን ከፍታ ትጠብቅ፤ የዕቃው ከንፈር ቆዳውን አይንካ፣ የመጀመሪያው ፍሳሽ ይለፍ። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ካቴተር ከሆነ ለትንንሾቹ 5 ፈረንች (የቱቦ ውፍረት መለኪያ)፣ ከፍ ላሉት 6 ወይም 8። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ይፍሰሱ፣ የሚቀጥለው ይያዝ። ቱቦው ገብቶ ሽንት ካልመጣ ወይ ልጁ አሁን ሸንቷል፣ ወይ ሴት ልጅ ላይ ቱቦው በሌላኛው ቀዳዳ ገብቷል። ሁለተኛው ከሆነ ያስገባሽውን አታውጪው፤ እዚያው ተዪውና አዲስ ቱቦ ከሱ ከፍ ብለሽ አስገቢ። አውጥተሽ በዚያው ቱቦ እንደገና መሞከር ብክለቱን ወደ ፊኛው መውሰድ ነው።

ላብ_ድሬ

ስለ «ፐስ ሴል 8–10» ልናገር፣ ከኛ ወገን ስለሚወጣ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። መለኪያው የተሠራው 10 ሚሊ ሊትር ሽንት 5 ደቂቃ ያህል በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ ዝቃጩ ሲታይ ነው፤ በዚያ አሠራር በአንድ ፊልድ (በማይክሮስኮፕ በአንዴ በሚታየው ክብ) 5 እና ከዚያ በላይ ነጭ የደም ሴል እንደ ጉልህ ይያዛል። የሕፃን ሽንት ግን 2 ሚሊ ሊትር ሆኖ ይመጣል። አንዱ ሳያሽከረክር ያየዋል፣ ሌላው 2ቱን ሚሊ ሊትር አሽከርክሮ፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ «8–10» ይጽፋሉ። ትንሽ ናሙና ሲሆን ሳይሽከረከር በመቁጠሪያ ስላይድ ላይ መቁጠር ይሻላል፤ በአንድ ማይክሮ ሊትር 10 እና በላይ ከሆነ ጉልህ ነው። «ኤፒተሊያል ሴል ብዙ» የሚል አብሮ ከተጻፈ ናሙናው ከቆዳ ጋር ተቀላቅሏል፤ ይደገም።

ስትሪፑ ላይ ሁለት ሳጥን ነው የሚያገባሽ። ናይትራይት ፖዘቲቭ ከሆነ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ኔጌቲቭ መሆኑ ግን በሕፃን ላይ አያስተማምንም፤ ባክቴሪያዋ ናይትሬትን ወደ ናይትራይት ለመቀየር ሽንቱ ፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል መቆየት አለበት፣ ሕፃን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው የሚሸናው። ከታመሙት ግማሽ ያህሉ ናይትራይታቸው ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ኢንትሮኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ቢቆይም አይቀይረውም። ሉኮሳይት (ነጭ የደም ሴል) የሚለው ሳጥን የበለጠ ይይዛል፣ ግን በሌላ ትኩሳትም ሊበራ ይችላል። ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑና ልጁ ከሦስት ወር በላይ ሆኖ ደህና የሚመስል ከሆነ የሽንት ኢንፌክሽን የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ። የስትሪፑ ጣሳ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ይቀመጥ ይላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ክፍል ስንት እንደሚሆን ማንም አያጣውም። ክዳኑ ተከፍቶ የዋለ ጣሳ እርጥበት ይገባዋል፤ የናይትራይቱ ሳጥን ሽንት ሳይነካው ሮዝ መምሰል ይጀምራል። ሁልጊዜ አንድ ያልተነከረ ስትሪፕ አውጥተሽ ከጣሳው ቀለም ጋር አስተያዪ። ጣሳው ውስጥ ያለችው ትንሿ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣል። ሰዓት ተይዞ ይነበብ፤ በብዙዎቹ ናይትራይት በ60 ሴኮንድ፣ ሉኮሳይት በ2 ደቂቃ ነው፣ የያዝሽው ጣሳ የሚለውን ተከተይ። ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ሲመለሱ የተነበበ ስትሪፕ አይቆጠርም።

ናሙናውስ? 35 ዲግሪ የሆነ ክፍል ለባክቴሪያ ኢንኩቤተር ነው። ኢ. ኮላይ ተመችቷት ስትራባ በ20 ደቂቃ እጥፍ ትሆናለች፤ ከቆዳ የመጣች 1,000 ባክቴሪያ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ 100,000 ልትሻገር ትችላለች። በተቃራኒው ነጭ የደም ሴሎቹ በሙቀት እየፈረሱ ይሄዳሉ። ቤት ተይዞ በባጃጅ ሲዞር የዋለ ሽንት በሁለቱም በኩል ያሳስታል፦ ጤነኛውን ታማሚ፣ ታማሚውን ጤነኛ ያደርጋል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታይ፤ ካልሆነ 4 ዲግሪ ላይ ፍሪጅ ይግባ፣ ለካልቸር እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ከመድኃኒትና ከክትባት ጋር ግን አንድ ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥ። ቦሪክ አሲድ ያለበት ዕቃ ካላችሁ እስከ መስመሩ ይሞላ፤ በሕፃን 2 ሚሊ ሊትር ላይ ኬሚካሉ በዝቶ ባክቴሪያዋን ራሷን ይጎዳታል።

ካልቸር ለሌለው ጣቢያ ብዙዎች የሚረሱት ግራም ስቴይን አለ። ሳይሽከረከር አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርቆ ማቅለምና በባለ ዘይቱ ሌንስ ማየት ነው። በየፊልዱ አንድ ባክቴሪያ እንኳ ከታየ በሚሊ ሊትር ወደ 100,000 ይጠጋል። ቀለሙ ለሌላ ሥራ ሲባል ላቦራቶሪው ውስጥ ይኖራል፣ የሚያዝ ሰው ነው የጠፋው።

ካልቸር ስትልኩ ደግሞ በእግዜር፣ ወረቀቱ ላይ በምን መንገድ እንደተወሰደ፣ በስንት ሰዓት እንደተወሰደና አንቲባዮቲክ ተጀምሮ እንደሆነ ጻፉ። በካቴተር ከተወሰደ በሚሊ ሊትር 50,000 አንድ ዓይነት ባክቴሪያ በቂ ነው፤ በቅለባ ከሆነ 100,000 እንፈልጋለን። ሦስት ዓይነት አብሮ ከበቀለ ብክለት ነው እንላለን። መንገዱ ካልተጻፈ በየትኛው እንፍረድ? ባክቴሪያዋ ለመብቀል 18–24 ሰዓት፣ የመድኃኒቱ ምርመራ ሌላ ቀን፤ ከ48 ሰዓት በፊት የመጨረሻ ውጤት አትጠብቁ።

መኮንን_መልካ_ጀብዱ

አቦ ከረጢቱን እንዲህ ሙልጭ አድርጋችሁ አትጣሉት። ወረፋው በር ላይ ቆሞ አንዷ ነርስ ለእያንዳንዱ ልጅ ሽንት ስትቀልብ አትውልም። ለሁሉም ካቴተር ደግሞ ወላጅ እሺ አይልም፣ ልጁም ያለ ምክንያት ይጎዳል። እኔ እላለሁ፦ ታጥቦ ከረጢት ይለጠፍ፣ በስትሪፕ ይታይ። ኔጌቲቭ ከሆነ አለቀ። ፖዘቲቭ ከሆነ ያኔ በካቴተር ይወሰድ።

ዶክተር_ከዚራ

መኮንን ትክክል ነው፣ ሁለት ነገር ልጨምርበት። ከረጢት ለማስቀረት ነው እንጂ ለማረጋገጥ አይደለም፤ የከረጢት ሽንት ካልቸር አይላክ። ከሚበቅሉት ብዙዎቹ ከቆዳ የመጡ ናቸው፤ ልጁ ባልነበረው በሽታ መድኃኒት ይወስዳል፣ ትክክለኛው የትኩሳት ምንጭም ሳይፈለግ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ይህ ሁለት ደረጃ አካሄድ ጊዜ ላለው ልጅ ነው። የፈዘዘ፣ የማይጠባ፣ ያገኘውን የሚያስመልስ ልጅ ከረጢት እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ወዲያው በካቴተር ተወስዶ መድኃኒቱ ይጀመር። ከረጢቱም በ20–30 ደቂቃ ካልሞላ ይነሳና ታጥቦ አዲስ ይለጠፍ። ሁለት ሰዓት ተለጥፎ የዋለ ከረጢት ስትሪፑንም ያታልላል።

ነርስ_ሳቢያን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዶክተር፣ አንድ ልጨምርብዎት። ከፍ ያሉትስ፣ የአምስት ስድስት ዓመት ሴት ልጆች? ሽንት ያቃጥላታል፣ ሽንት ሽንት ይላታል፣ ስትሪፑ ሉኮሳይት ያሳያል፤ ናይትራይት የለም፣ ትኩሳት የለም። እናቶች ደግሞ ሽንቷ ይሸታል፣ ጠቁሯል ይላሉ። ይህንን ሁሉ ኢንፌክሽን ልበለው?

ዶክተር_ከዚራ

አትበዪው። ሽታና ቀለም ብቻውን ምርመራ አይሆንም። በኛ ሙቀት ውሃ ያልጠጣ ልጅ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ዳይፐር ላይ የሚታየው ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ዱቄት የሚመስል ነገርም ብዙ ጊዜ ደም ሳይሆን የወፈረ ሽንት የሚተወው ዩሬት የሚባል ጨው ነው፤ ጡት ሲጨመርለት ይጠፋል። እውነተኛ ደም ከሆነ፣ በተለይ በሽንቱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ከሆነ፣ ልጁም ከመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ የመጣ ከሆነ የሽንት ቢልሃርዝያ ይታሰብ፤ ለእንቁላሉ ቀትር አካባቢ የተሸናው ሽንት ይሻላል።

ለስድስት ዓመቷ መጀመሪያ በዓይን ተመልከቺ፣ እናቷ ባለችበት። ውጪው ከቀላ፣ ፈሳሽ ወይም ማሳከክ ካለ ማቃጠሉ የሚመጣው ሽንቱ የቆሰለውን ቆዳ ሲነካ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎቹም ከዚያው ታጥበው የገቡ ናቸው። ሌሊት መቀመጫዋን የምታክ ከሆነ የክር ትል ይፈለግ። ሽንቷን ስትሰጥ እግሯን ሰፋ አድርጋ፣ በምዕራባውያኑ መቀመጫ ከሆነ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቀመጥ፤ እንዲህ ሲሆን ሽንቱ ወደ ኋላ አይመለስም። መሐሉ ይያዝ።

በምሥራቁ ክፍል መጠየቅ የምናፍርበት ሌላም አለ፦ በግርዛት ብልቷ የተሰፋ ልጅ። መስፋቱ ሽንቱን ከኋላው ስለሚያቁረው ኢንፌክሽኑ ይመላለሳል፣ በቅለባ የተያዘ ናሙናም ብዙ ጊዜ የተበከለ ይሆናል። ሽንቷ ረጅም ጊዜ የሚወስድ፣ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ አንቲባዮቲክ እየደጋገምሽ አትሸኛት፤ ወደ ማህፀን ሐኪም ትላክ። ጥያቄው ግን እናትን የሚከስ እንዳይሆን።

የሆድ ድርቀትንም አትለፊ። የሞላ አንጀት ፊኛውን ተጭኖ ባዶ እንዳይሆን ያደርገዋል። ደርቆ የሚወጣ ሰገራ፣ በየሦስት ቀኑ መቀመጥ፣ ውስጥ ልብስ ላይ ጠብታ ካለ እሱ ሳይታከም ኢንፌክሽኑ ይመለሳል። ትምህርት ቤት መጸዳጃውን ጠልታ ሽንቷን ቀኑን ሙሉ የምትይዝ ልጅም እንዲሁ። ምልክት የሌላት ልጅ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ስለተገኘ ብቻ ደግሞ አትታከምም።

ሲስተር_ሐረር

መድኃኒቱን ከጀመርን በኋላ ያለውስ? ብዙ ሰው ሽንቱ ነጻ መሆኑን ለማየት ካልቸር ይደግማል።

ዶክተር_ከዚራ

ልጁ ከዳነ መድገም አያስፈልግም። ትኩሳት ያለው ኢንፌክሽን ከ7 እስከ 14 ቀን ይታከማል፤ የሚውጥና የማያስመልስ ከሦስት ወር በላይ ልጅ በአፍ መታከም ይችላል። ሴፊክሲም ከሆነ በኪሎ 8 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፤ ምርጫው ግን በሆስፒታላችሁ ካልቸር ምን እየተላመደ እንዳለ ይወሰናል። በ48 ሰዓት ትኩሳቱ መውረድ አለበት። ካልወረደ መድኃኒቱ አልሠራም ወይም መዘጋት አለ፤ ካልቸሩ ይታይ፣ አልትራሳውንድ በዚያው ይሠራ። ከስድስት ወር በታች የሆነ፣ ከኢ. ኮላይ ውጭ የበቀለበት፣ ወይም ሁለተኛ ጊዜ የያዘው ልጅ ቢድንም አልትራሳውንድ ይታዘዝለት። እ.ኤ.አ. የ2011 የአሜሪካ መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ትኩሳት ያለው የሽንት ኢንፌክሽን ለያዘው ሁሉ ይሠራ ይል ነበር፤ የእንግሊዙ መርጦ ነው። መሣሪያው ቅርብ ከሆነ ወደ አሜሪካኑ አዘነብላለሁ። እናትየዋ ሙሉ ቀን ተጉዛ የምትመጣ ከሆነ ግን የእንግሊዙ ይበቃል፤ ለእርሷ የምትሰጪው ይሻላል የምለው ካርዱ ላይ «ትኩሳት ከተመለሰ ከመድኃኒት በፊት ሽንት» ብሎ መጻፍ ነው።